ሮበርት ዋሪንግተንና የመስተዋቱ ኩሬ

ከሳይንስ ክበብ አባላት የቀረበ

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ስማቸው የሚነሣው አገር ያቀኑ ነገሥታት፤ ጦር የመሩ ጀግኖች፤ ወይም ያልታወቀ ምድር ያገኙ መርከበኞች ናቸው። እኛ ግን በዚህ በትምህርት ቤታችን የኢዮቤልዩ መጽሔት ላይ ልናስተዋውቃችሁ የመረጥነው ሰው ከነዚህ ወገን አይደለም። እርሱ አንድ የመስተዋት ዕቃ፤ ሁለት ትንንሽ ዓሦች፤ አንድ የውሃ ተክልና ጥቂት ቀንድ አውጣዎች ይዞ ስሙን በሳይንስ ታሪክ ያስጻፈው እንግሊዛዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ዋሪንግተን ነው።

ዛሬ በከተማችን በአንዳንድ ሆቴሎችና ክሊኒኮች ውስጥ አኳሪየም የሚባለውን የመስተዋት ገንዳ እናያለን። በውስጡ ተክል ይበቅላል፤ ዓሦችም በተክሉ መካከል ይመላለሳሉ። ነገሩ ለተመልካች ጌጥ ነው፤ ለሚያሳድገው ሰው ግን ፈተና ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ውሃው እንደ ምንጭ የጠራ ይሆናል። ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ ግን መስተዋቱ ይለጠልጣል፤ ድንጋዩ አረንጓዴ ይለብሳል፤ የተክሉም ቅጠል ዋቅላሚ ወይም አልጌ በሚባለው ዝልግልግ ነገር ይሸፈናል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ተስፋ ቈርጦ ገንዳውን ይደፋዋል። ዋሪንግተን ግን ይህንኑ ችግር ባየ ጊዜ ገንዳውን አልደፋም። ለምን እንዳልደፋውና ከዚያም ምን እንዳገኘ ለመናገር በቅድሚያ ሰውየው ማን እንደ ነበረ ማወቅ ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ትውልዱና ትምህርቱ

ሮበርት ዋሪንግተን በ1807 ዓ.ም. በኬንት አውራጃ ሺርነስ በምትባለው የባሕር ወደብ ተወለደ። አባቱ ለመርከቦች ስንቅ የሚያቀርብ ሰው ስለ ነበረ ልጁ የሕፃንነት ዘመኑን ያሳለፈው በፖርትስመዝ፤ በፈረንሳይ አገር በቡሎኝና በሌሎችም ስፍራዎች በመዘዋወር ነው። በ1818 ዓ.ም. ግን በለንደን ከተማ ሜርቻንት ቴይለርስ ወደሚባለው ትምህርት ቤት ገባ።

ዕድሜው ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ሲሆነው በ1822 ዓ.ም. ኩፐር ለሚባል የኬሚስትሪ መምህር ለአምስት ዓመት በተለማማጅነት ተሰጠ። ይህ ኩፐር በሕክምና ትምህርት ቤቶች ከማስተማሩም በላይ በዚያ ዘመን እጅግ ብርቅ የነበሩትን ፖታሲየምን፤ ሶዲየምንና አዮዲንን እያዘጋጀ ይሸጥ ነበር። እንግዲህ ወጣቱ ዋሪንግተን ኬሚስትሪን የተማረው መጽሐፍ በማንበብ ብቻ ሳይሆን እጁን እያቈሸሸ ነው። በ1828 ዓ.ም. የለንደን ዩኒቨርሲቲ በተከፈተ ጊዜ የኬሚስትሪው ፕሮፌሰር ኤድዋርድ ተርነር ረዳቱ አድርጎ ወሰደው። በ1831 ዓ.ም. ደግሞ የአንድ ትልቅ የቢራ ፋብሪካ ኬሚስት ሆኖ ተቀጠረና እስከ 1839 ዓ.ም. ድረስ በዚያ ሠራ። በ1835 ዓ.ም. ሚስት አገባ፤ አማቱም የማይክሮስኮፕን አሠራር ያሻሻለ ጆርጅ ጃክሰን የተባለ ሐኪም ነበር። ማይክሮስኮፕ ኋላ ለዋሪንግተን ሥራ ምን ያህል እንደ ጠቀመው ወደ ፊት እናያለን።

ማኅበር የመሠረተ ሰው

በዚያን ጊዜ በለንደን ከተማ ስለ እንስሳት፤ ስለ ተክል፤ ስለ ድንጋይና ስለ ከዋክብት የሚመራመሩ ማኅበሮች ተቋቁመው ነበር። ለኬሚስትሪ ግን ጸንቶ የቆመ ማኅበር አልነበረም። ዋሪንግተን ከ1839 ዓ.ም. ጀምሮ ለአገሩ ኬሚስቶች ደብዳቤ እየጻፈ፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየተመላለሰ ሐሳቡን አስረዳ። ድካሙም ፍሬ አፍርቶ በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1841 ዓ.ም. ሃያ አምስት ሰዎች ተሰብስበው የለንደንን የኬሚስትሪ ማኅበር ለማቋቋም ተስማሙ። የማኅበሩ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የታወቀው ሊቅ ቶማስ ግራሃም ሲሆን፤ ዋሪንግተን ደግሞ ለዐሥር ዓመት ያህል ጸሐፊው ሆኖ አገለገለ። የክብሩን ወንበር ለሌላው ትቶ የደብዳቤውንና የቃለ ጉባኤውን ሥራ ለራሱ ወሰደ ማለት ነው። ያ ማኅበር ከሌሎች ጋራ ተዋሕዶ ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ የንጉሣዊ ኬሚስትሪ ማኅበር ተብሎ ይጠራል።

በ1842 ዓ.ም. በለንደን የመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር አዳራሽ ውስጥ ሄነል የሚባለው ዋና ኬሚስት የሚፈነዳ የሜርኩሪ ውሕድ ሲያዘጋጅ ፈንድቶበት ሞተ። በእርሱ ምትክ የተሾመው ዋሪንግተን ነበር። በዚያ በብላክፍራያርስ ሰፈር ባለው አዳራሽ ውስጥ እየኖረ መድኃኒቱ ሁሉ በትክክል መቀመሙን ይቈጣጠር ጀመር። ይህም ኀላፊነት የሰው ነፍስ ያለበት ስለ ሆነ ነገርን በላዩ አይቶ ከማመን ይልቅ ውስጡን የመመርመር ልማድ አጸናበት። በ1844 ዓ.ም. በገበያ የሚሸጠውን አረንጓዴ ሻይ በማይክሮስኮፕና በኬሚስትሪ ሲመረምር አረንጓዴነቱ የቅጠሉ ሳይሆን በሰማያዊ ቀለምና በጄሶ የተቀባ መሆኑን ገለጠ። አረንጓዴ የሆነ ነገር ሁሉ ጤናማ ነው ብሎ ማመን እንደማይገባ ያን ጊዜ ተምሮት ነበር ለማለት ይቻላል።

ከእርሱ በፊት የታወቀው

ዋሪንግተን ወደ ዓሣና ወደ ተክል የዞረው በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ሳለ ነው። ጥያቄው ግን ከእርሱ በፊት የተጀመረ ነበር። በ1771 ዓ.ም. ጆዜፍ ፕሪስትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ሻማ ነድዶ ባበላሸው የታሸገ አየር ውስጥ የናና ተክል ቢያኖርበት ከጥቂት ቀን በኋላ አየሩ ታድሶ ሻማ እንደገና የሚነድበት መሆኑን አየ። በ1779 ዓ.ም. ደግሞ ያን ኢንገንሃውስ የተባለው የሆላንድ ሐኪም ተክል ይህን የሚያደርገው በአረንጓዴ ክፍሉና ብርሃን ባለበት ጊዜ ብቻ መሆኑን አስረዳ። ናታንኤል ዋርድ የሚባል የለንደን ሐኪም ደግሞ በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ተክል ለብዙ ዓመት ሊኖር እንደሚችል አሳየ።

እንግዲህ እንስሳ የሚያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክል እንደሚወስድ፤ ተክልም የሚያወጣውን ኦክሲጂን እንስሳ እንደሚተነፍሰው በወረቀት ላይ የታወቀ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ በየሰው ቤት በብርጭቆ ጎድጓዳ ዕቃ የሚቀመጡት ወርቃማ ዓሦች ውሃቸው ቶሎ ቶሎ ካልተለወጠላቸው ይሞቱ ነበር። በወረቀት ያለው እውነት በብርጭቆው ውስጥ ሊሠራ ይችላልን? ውሃው ሳይለወጥ ዓሣና ተክል አንዱ ሌላውን እያኖረ ሊቈዩ ይችላሉን? ዋሪንግተን ሊፈትን የተነሣው ይህንን ነው።

በዚህ ነገር ያሰበው እርሱ ብቻ እንዳልነበረ መናገር ተገቢ ነው። ዣን ቪልፕሩ ፓወር የተባለች ፈረንሳዊት በ1832 ዓ.ም. በሲሲሊ ደሴት የባሕር እንስሳትን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ አጥንታለች። አና ታይን የተባለች እንግሊዛዊት እመቤትም ከ1846 ዓ.ም. ጀምሮ የባሕር እንስሳትን በለንደን ቤቷ አኑራለች። ዋሪንግተንን ከሁሉ የለየው ነገሩን እንደ ኬሚስት መዝኖና ተከታትሎ፤ ሚዛኑ እንዴት እንደሚቆም፤ እንዴትም እንደሚፈርስ ምክንያቱን ጭምር መጻፉ ነው።

የመስተዋቱ ኩሬ

በ1849 ዓ.ም. ዋሪንግተን ዐሥራ ሁለት ጋሎን ወይም ሃምሳ አራት ሊትር ያህል የሚይዝ ትልቅ የመስተዋት ዕቃ አዘጋጀ። እስከ እኩሌታው ድረስ የምንጭ ውሃ ሞላበት። በሥሩ አሸዋና ጭቃ አነጠፈ። ዓሦቹ ሲፈልጉ እንዲሸሸጉበትም የኖራ ድንጋይና የአሸዋ ድንጋይ ደረደረ። የዕቃውን አፍ በመዳብ ሽቦ ክብ ላይ በተወጠረ ስስ ሻሽ ከደነው። ይህንንም ያደረገው በዚያ ዘመን የለንደን አየር ከየጭስ ማውጫው በሚወጣ ጥላሸት የተሞላ ስለ ነበረ፤ ጥላሸቱ ወደ ውሃው እንዳይገባ፤ አየር ግን እንዳይከለከል ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለት ትንንሽ ወርቃማ ዓሦች አገባ። ከነርሱም ጋራ ቫሊስኔሪያ የምትባለውን፤ ቅጠሏ እንደ ሪባን ረዥምና ስስ የሆነ አንዲት የውሃ ተክል ተከለ። ሥሯን በጭቃውና በአሸዋው ውስጥ ቀብሮ እንዳትነቀል በላይዋ ድንጋይ ጫነባት። ሥራው ይኸው ነበር። ዓሦቹ ተነፈሱ፤ ተክሏም በብርሃን ጊዜ ኦክሲጂን ሰጠች። ለጥቂት ጊዜ ሁሉ ነገር እንደ ታሰበው ሆነ።

አረንጓዴው ዝልግልግ

ጊዜ እያለፈ ሲሄድ ግን ችግር መጣ። የቫሊስኔሪያ ቅጠል እንደ ማንኛውም ተክል ቅጠል ያረጃል። ያረጀው ቅጠል በውሃው ውስጥ መበስበስ ጀመረ። ውሃው ደፈረሰ። ከዚያም በውሃው ፊትና በመስተዋቱ ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ የሆነ የዋቅላሚ ዘር ተስፋፋ። ያ ዝልግልግ እየበዛ ቢሄድ ብርሃኑን ጋርዶ ተክሏን እንደሚያደክማት፤ የተክሏም መድከም ለዓሦቹ ሞት እንደሚሆን ግልጽ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በቀላሉ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ውሃውን ደፍቶ፤ ዕቃውን አጥቦ እንደገና መጀመር ነበር። እንዲህ ቢያደርግ ውሃው ለጊዜው በጠራ፤ ነገር ግን ቅጠል ማርጀቱን ስለማይተው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያው ችግር በተመለሰ ነበር። ከዚህም ሌላ ውሃውን ከለወጠ ጥያቄው መልስ ሳያገኝ በቀረ ነበር። ስለዚህ ዋሪንግተን አረንጓዴውን ነገር ከውጭ እንደ መጣ ጠላት አድርጎ አልቈጠረውም። በኩሬው ውስጥ አንድ ነገር የጐደለ መሆኑን የሚናገር ምልክት አድርጎ ተመለከተው። በተፈጥሮ ኩሬ ውስጥም ቅጠል ይበሰብሳል፤ ኩሬው ግን ለዘመናት ይኖራል። እንግዲያውስ በኩሬ ያለ፤ በዕቃው ውስጥ ግን የሌለ ማነው?

መልሱ ቀንድ አውጣ ሆነ። ዋሪንግተን ሊምኔያ የሚባሉትን አምስት ወይም ስድስት የኩሬ ቀንድ አውጣዎች አምጥቶ በውሃው ውስጥ አኖራቸው። እነርሱም የበሰበሰውን ቅጠል ይበሉ፤ በመስተዋቱ ላይ ያለውንም ዝልግልግ ይልሱ ጀመር። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ውሃው ጠራ። ቀንድ አውጣዎቹ የሚጥሉትን እንቁላል ዓሦቹ ተመገቡት። የሁሉም ጕድፍ ደግሞ ለተክሏ ማዳበሪያ ሆነ። አንዲቷ ቫሊስኔሪያም ሥሯን እየዘረጋች ተባዝታ ከ30 በላይ ጠንካራ ተክሎች ወለደች፤ አበባዋም በውሃው ፊት ላይ ተንሳፈፈ።

እንግዲህ ሁለት ናቸው ተብሎ ይታሰብ የነበረው ሚዛን ሦስተኛ ወገን የሚያስፈልገው ሆኖ ተገኘ። ዓሣው ይተነፍሳል፤ ተክሉ አየሩን ያድሳል፤ ቀንድ አውጣው ደግሞ የሞተውን ያነሣል። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ሁለቱ ሊቆሙ አይችሉም። ዋሪንግተን ይህንን ሁሉ ጽፎ በማርች ወር 1850 ዓ.ም. እርሱ ራሱ በመሠረተው በኬሚስትሪ ማኅበር ፊት አቀረበ። ጽሑፉ አጭር ነው፤ ነገር ግን ዛሬ በዓለም ላይ በየቤቱ በተክል ያጌጠ አኳሪየም የሚያሳድግ ሰው ሁሉ፤ ቢያውቅም ባያውቅም፤ የዚያ ጽሑፍ ደቀ መዝሙር ነው።

ባሕርን ወደ ከተማ ማምጣት

ዋሪንግተን በዚህ ብቻ አልቆመም። በ1852 ዓ.ም. ይህንኑ ሚዛን በባሕር ውሃ ሞከረ። የባሕር ውሃ ግን ከምንጭ ውሃ ይልቅ አስቸጋሪ ሆነበት። የባሕር ተክሎች ቀያይ፤ ቡናማና አረንጓዴ ሲሆኑ፤ በብዙ ሙከራ ለዚህ ሥራ የሚሻሉት አረንጓዴዎቹ መሆናቸውን አገኘ። በዚያው ጊዜ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የሚባል የተፈጥሮ ታሪክ ጸሐፊ በዴቮን የባሕር ዳርቻ ተመሳሳይ ሙከራ ያደርግ ነበር። በ1853 ዓ.ም. በለንደን የእንስሳት መናፈሻ ሰው ሁሉ እየገባ የሚያየው የመጀመሪያው የዓሣ ቤት ተከፈተ። በ1854 ዓ.ም. ጎስ አኳሪየም የሚለውን ስም በርእሱ የያዘ መጽሐፍ አሳተመና ስሙ በየቦታው ታወቀ። በእንግሊዝ አገር የመስተዋት ቀረጥ በ1845 ዓ.ም. ተነሥቶ ስለ ነበረ መስተዋት ርካሽ ሆኗል። ስለዚህ በጥቂት ዓመት ውስጥ አኳሪየም ማስቀመጥ የታላላቅ ቤቶች ፋሽን ሆነ።

ፋሽኑ ግን ብዙ አልቈየም። ሰዎች ገንዳውን እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛ ገዝተው የሚያስቀምጡት ዕቃ አድርገው ቈጠሩት። ዓሣ አበዙበት፤ ፀሐይ በሚበረታበት መስኮት አጠገብ አኖሩት፤ መኖ ያለ ልክ ጨመሩበት። ውሃው አረንጓዴ ሆነ፤ ዓሦቹም አለቁ። ዋሪንግተን ግን ብርሃን ለተክል ምግብ እንደ ሆነ ሁሉ ሲበዛ ደግሞ ለዋቅላሚ ድግስ እንደሚሆን ተረድቶ ነበር። ስለዚህ ከፊት ለፊቱና ከላዩ በቀር በመስተዋት ያልተሠራ፤ ጀርባው እንደ ኩሬ ዳርቻ ወደ ላይ ዘንበል ያለ ገንዳ አሠራ። በዚህ ገንዳ ውስጥ ብርሃን እንደ ተፈጥሮው ከላይ ይወርዳል፤ እንስሶቹም እንደ ፈቃዳቸው ወደ ጥልቁ ወይም ወደ ጥልቅ ወዳልሆነው ይሄዳሉ። ስቲክልባክ የሚባለው እሾሃም ትንሽ ዓሣ እንዴት ጎጆ እንደሚሠራም በገንዳው ውስጥ ተከታትሎ ጽፏል። በ1857 ዓ.ም. ስለ አኳሪየም በለንደን በንጉሣዊ ተቋም ንግግር አደረገ።

በ1864 ዓ.ም. የንጉሣዊ ማኅበር አባል ሆኖ ተመረጠ፤ ይህም ለአንድ እንግሊዛዊ የሳይንስ ሰው ትልቅ ክብር ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የመጀመሪያው የብሪታንያ የመድኃኒት መጽሐፍ በተዘጋጀ ጊዜም ደክሞበታል። በ1866 ዓ.ም. ከሥራው ተሰናበተ። በኖቬምበር 1867 ዓ.ም. በዴቮን አውራጃ በድሊ ሶልተርተን በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ በስድሳ ዓመቱ ዐረፈ። በወደብ ተወልዶ በባሕር ዳር ሞተ።

ልጁና የልጅ ልጁ የጨመሩት

የዋሪንግተን ታሪክ በሞቱ አያበቃም። ሚዛኑን ያቆሙት ሦስት ናቸው ብሎ ነበር፤ አራተኛም ነበረ፤ ነገር ግን በዐይን የሚታይ ስላልሆነ በዘመኑ የሚያውቀው አልነበረም። ይህንን ከገለጡት ሰዎች አንዱ የገዛ ልጁ መሆኑ እኛን እጅግ አስደንቆናል።

በ1838 ዓ.ም. የተወለደው ልጁ እንደ አባቱ ሮበርት ዋሪንግተን ይባላል። ኬሚስትሪን የተማረው በአባቱ ላቦራቶሪ ነው። ኋላም ሮትሃምስቴድ በሚባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሠራ። በ1877 ዓ.ም. ሁለት የፈረንሳይ ሊቃውንት፤ ሽሎዚንግና ሙንትዝ፤ በቈሻሻ ውስጥ ያለው አሞኒያ ወደ ናይትሬት የሚለወጠው በሕያዋን ረቂቅ ፍጥረቶች ሥራ መሆኑን አስታወቁ። ልጅየው ዋሪንግተን ይህንን በአፈር አረጋገጠ፤ ከዚያም አልፎ ሥራው በሁለት ደረጃ፤ በሁለት ልዩ ልዩ ረቂቅ ፍጥረቶች የሚፈጸም መሆኑን አሳየ። አንደኛው አሞኒያን ወደ ናይትራይት፤ ሁለተኛው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ በማውጣት የታወቀው ቪኖግራድስኪ የተባለው የሩሲያ ሊቅ ነው።

ይህ ነገር ከአኳሪየም ጋራ ምን ያገናኘዋል ቢሉ፤ ዋናው ነገር ነው። ዓሣ የሚያወጣው አሞኒያ ለራሱ ለዓሣው መርዝ ነው። በአዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚያ ባክቴሪያዎች ስለሌሉ መርዙ ይጠራቀማል። በአሸዋውና በድንጋዩ ላይ እስኪራቡ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። አባቱ በመስተዋት ዕቃው ሥር ያነጠፈው አሸዋና ጭቃ የነዚህ ፍጥረቶች ቤት ነበረ ማለት ነው።

የልጁ ልጅ ካትሪን ዋሪንግተንም በዚያው በሮትሃምስቴድ ስትሠራ በ1923 ዓ.ም. ቦሮን የሚባለው ንጥረ ነገር፤ እጅግ ጥቂት ቢሆንም፤ ለተክል እድገት የግድ አስፈላጊ መሆኑን በባቄላ ላይ አረጋገጠች። ዛሬ ለውሃ ተክሎች በሚሸጠው ፈሳሽ ማዳበሪያ ውስጥ ቦሮን ይገኛል። አያት ሚዛኑን አየ፤ ልጅ የማይታየውን ሠራተኛ አገኘ፤ የልጅ ልጅ ደግሞ የተክሉን ጥቃቅን ምግብ ለየች።

ከሕይወቱ የምንማረው

ከአንባቢዎቻችን መካከል እንዲህ ያለ ገንዳ ለማሳደግ የሚፈልግ ቢኖር የዋሪንግተን ትምህርት ከዛሬው ዕውቀት ጋራ እንዲህ ይመክረዋል። ተክሉን ከመጀመሪያው አብዝተህ ትከል፤ በቶሎ የሚያድግ ተክል ለዋቅላሚ የሚሆነውን ምግብ ቀድሞ ይወስዳልና። ዓሣ ለማግባት አትቸኩል፤ ስታገባም ጥቂት ጥቂት አድርግ። ወርቃማ ዓሣ ሲያድግ ትልቅ ስለሚሆን ለትንሽ ገንዳ ትንንሽ ዓሦች ይሻላሉ። ብርሃኑ በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይብቃው፤ ፀሐይ በቀጥታ አይምታው። በየሳምንቱ ከውሃው ሩብ ያህሉን ለውጥ፤ የከተማ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት ክሎሪኑ ሳይወገድ አትጨምረው። የሞተውን ቅጠል ሳይበሰብስ አንሣ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር መስተዋቱን ቢለብሰው አትደንግጥ፤ ዲያቶም የሚባለው ነው፤ ገንዳው ሲበስል አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። አረንጓዴው ቢበዛ ግን ወይ ብርሃኑ፤ ወይ መኖው፤ ወይ የዓሣው ቍጥር ከተክሉ ዐቅም በላይ መሆኑን ዕወቅ። ቀንድ አውጣ ዋቅላሚውን ይበላል፤ ምክንያቱን ግን አይበላውም።

ስለ ቀንድ አውጣ ካነሣን ለአገራችን ተማሪዎች አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይገባናል። በአገራችን ብዙ ወንዞችና ሐይቆች ዳር የሚገኝ አንድ ዓይነት ቀንድ አውጣ የቢልሃርዚያ በሽታ ተሸካሚ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ለገንዳው ብሎ ወንዝ ገብቶ ቀንድ አውጣ አይልቀም። ይህን ቀንድ አውጣ ለማጥፋት እንዶድ የሚጠቅም መሆኑን በ1964 ዓ.ም. በዓድዋ አካባቢ ያገኘው የአገራችን ሊቅ አክሊሉ ለማ፤ ልብስ ከሚታጠብበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ልብ ብሎ በማየቱ ነበር። በለንደን ውሃን ያዳነው የቀንድ አውጣ ዘመድ በእኛ ወንዝ በሽታ ያስተላልፋል። የሁለቱ ሊቃውንት ጥበብ ግን አንድ ነው፤ ሌላው ሰው አይቶ ያለፈውን ቆሞ ማየት።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ አባቶቻችን። ዋሪንግተን ከብዙዎቹ የዘመኑ ሊቃውንት ጋራ ሲተያይ ገንዘብ የፈጀ ሥራ አልሠራም። የተጠቀመበት ዕቃ ከትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ የሚበልጥ አልነበረም። የለየው ነገር ችግሩ በመጣ ጊዜ ያደረገው ነው። ሥራው ሲበላሽ ደፍቶ ከመጀመር ይልቅ የጐደለው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። እኛም በትምህርታችን፤ በማኅበራችንና በኑሯችን ውስጥ ውሃው በደፈረሰ ጊዜ ይህንኑ ብንጠይቅ ብዙ የተጀመረ ነገር ሳይደፋ ለፍሬ ይበቃ ነበር ብለን እናምናለን።